ካምቦዲያ፦ ድምፁ ተቆጠረ፣ ቀበሌው ግን ከነበረበት እጅ አልወጣም

ጁላይ 29 ቀን 2018 ማታ፣ ካምቦዲያ ውስጥ ጠቋሚ ጣቱ ያልጠቆረ ሰው እጁን ኪሱ ቢከት የሚፈረድበት አልነበረም። ዋናው ተቃዋሚ ፓርቲ በፍርድ ቤት ከፈረሰ ስምንት ወር አልፎታል። ውጭ አገር የነበሩት መሪዎቹ ደጋፊው ከምርጫው እንዲቀር «ንጹሕ ጣት» የሚል ጥሪ አስተላልፈዋል፤ መንግሥት ደግሞ ሰውን ከምርጫ እንዲቀር መቀስቀስ እንደሚያስጠይቅ አስጠንቅቋል። ማን ያሸንፋል ብሎ የሚጨነቅ የለም። የገዥው ፓርቲ ጭንቀት ስንት ሰው ይወጣል የሚለው ነበር። አንድ ሰው ሁለቴ እንዳይመርጥ ተብሎ የመጣው የጣት ቀለም የታማኝነት ማረጋገጫ ሆኖ አረፈው። የፋብሪካ ሠራተኛውና የመንግሥት ተቀጣሪው በማግስቱ ጣቱ ሊታይ እንደሚችል እያሰበ ነበር የተሰለፈው።

ከዚያ ሃያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በሜይ 1993፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ራሱ ባዘጋጀው ምርጫ የካምቦዲያ ሕዝብ በሌሊት ተነሥቶ፣ ክት ልብሱን ለብሶ፣ ቀድሞ አገሪቱን በግፍ የገዛውን የኮሚኒስት ታጣቂ ቡድን፣ የክሜር ሩዥን ማስፈራሪያ ሳይሰማ ወጥቶ ነበር። ከተመዘገበው 4.7 ሚሊዮን መራጭ 89 በመቶ በላይ ድምፅ ሰጠ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በሁለቱ ቀናት መካከል ያለውን መንገድ ደረጃ በደረጃ ማየት እፈልጋለሁ። ምክንያቱም ስለ ካምቦዲያ ሲነሣ ሁለት ነገር ብቻ ይሰማል፤ አንዱ «ሕዝቡ ለዴሞክራሲ አልተዘጋጀም ነበር» ይላል፣ ሌላው አገሪቱን ለአሥርት ዓመታት የገዛውን ሰው ይዞ «ሁን ሴን ክፉ ሰው ነው» ይላል። የመጀመሪያው ሐሰት መሆኑን የ1993ቱ ሰልፍ ይመሰክራል። ሁለተኛው ደግሞ ምንም አያስረዳም። ሥራው የተበላሸበት ቦታ በስም ሊጠቀስ ይችላል፤ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት፣ ፖሊስ ጣቢያና ግምጃ ቤት ነው።

የፓሪሱ የሰላም ስምምነት ኦክቶበር 23 ቀን 1991 ሲፈረም አገሪቱ አራት ተፋላሚ ወገኖች ነበሯት። በቬትናም ጦር ታግዞ ከጃንዋሪ 1979 ጀምሮ ዋና ከተማዋን ፕኖም ፔንን የያዘው መንግሥት፣ የልዑል ኖሮዶም ሲሃኑክ ወገን የነበረው ፉንሲንፔክ፣ የሪፐብሊካኑ ቡድን እና ክሜር ሩዥ። ሁን ሴን ከ1985 ጀምሮ የፕኖም ፔኑ መንግሥት ጠቅላይ ሚኒስትር ነበር። ስምምነቱ አራቱንም በሲሃኑክ ሰብሳቢነት በአንድ ከፍተኛ ምክር ቤት አስቀመጠና የመሸጋገሪያውን ጊዜ ለተባበሩት መንግሥታት የሽግግር ባለሥልጣን ሰጠ። ይህ አካል በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ኡንታክ ይባላል፤ የሚመራው ጃፓናዊው ያሱሺ አካሺ፣ የጦሩ አዛዥ አውስትራሊያዊው ጄኔራል ጆን ሳንደርሰን ነበሩ። ወደ 16 ሺህ ወታደርና 3,600 ያህል ፖሊስ ገባ። ወጪው 1.6 ቢሊዮን ዶላር አካባቢ ደረሰ። እስከዚያ ጊዜ ድርጅቱ እንዲህ ያለ ሰፊ ሥልጣን ይዞ የገባበት አገር አልነበረም።

ወረቀቱ ላይ ያለው ሥልጣን ከባድ ነው። ኡንታክ አምስት መስኮችን በቀጥታ እንዲቆጣጠር ተጽፏል፤ የውጭ ጉዳይ፣ መከላከያ፣ ገንዘብ፣ የሕዝብ ደኅንነትና ማስታወቂያ። የአራቱም ወገኖች ጦር ሰባ በመቶው ትጥቅ ፈትቶ ካምፕ እንዲገባም ተስማምተዋል። ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ ቢባል፣ ምርጫው «ገለልተኛ የፖለቲካ ሁኔታ» ውስጥ እንዲደረግ ነው። አንዱ ተወዳዳሪ ፖሊሱንና ካዝናውን ይዞ ሌላው ባዶ እጁን ቢወዳደር ውጤቱ ምን እንደሚሆን ፈራሚዎቹ አጥተውት አልነበረም።

ታዲያ ምን ሆነ? በሜይ 1992 መጨረሻ አካሺና ሳንደርሰን ወደ ክሜር ሩዥ ይዞታ፣ ወደ ፓይሊን፣ በመኪና ሄዱ። መንገዱ ላይ አንድ የቀርከሃ አጣና ተጋድሟል፤ የሚጠብቁት ጥቂት ወጣት ተዋጊዎች ናቸው። አናሳልፍም አሉ። የዓለምን ተልዕኮ የያዙት ሁለቱ ሰዎች መኪናቸውን አዙረው ተመለሱ። ብዙዎች ያን ቀርከሃ የተልዕኮው ውርደት አድርገው ያነሡታል። በእኔ ግምት ውርደቱ ላይ ያተኮረ ሰው ጉዳቱ ያለበትን ቦታ ይስታል። ኡንታክ የሰላም አስከባሪ እንጂ የጦርነት ሥልጣን አልነበረውም፤ ተኩሶ ቢገባ ኖሮ ጦር የላኩት አገሮች በነጋታው ያስወጡ ነበር። ጉዳቱ ያለው ክሜር ሩዥ ትጥቅ አልፈታም ሲል ሌሎቹም ቆሙ መባሉ ላይ ነው። ትጥቅ ማስፈታቱ በዚያው ዓመት ቀረ፣ የፕኖም ፔኑ መንግሥት ጦሩንም ፖሊሱንም እንደያዘ ወደ ምርጫ ገባ።

አምስቱ መስኮችስ? የሲቪል አስተዳደር ክትትሉን የያዙት የውጭ ባለሙያዎች በጥቂት መቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው፤ ወደ ክፍለ ሀገር የደረሱትም ዘግይተው ነው። አብዛኞቹ ክሜርኛ አይችሉም። አንድ ባለሙያ የክፍለ ሀገር አስተዳዳሪ ቢሮ ገብቶ መዝገብ ሲጠይቅ መዝገብ ይሰጠዋል፤ ውሳኔው የሚያልቀው ግን በመዝገብ አልነበረም። በፓርቲው ስብሰባ ነበር የሚያልቀው። የሁን ሴን ፓርቲ የሆነው የካምቦዲያ ሕዝብ ፓርቲና የመንግሥቱ ቢሮ አንድ ሰው በሁለት ባርኔጣ ነበሩ። ባለሙያው የቢሮውን ባርኔጣ ሲቆጣጠር ሰውዬው በፓርቲው ባርኔጣ ሥራውን ይሠራል። አስተዳዳሪው፣ የወረዳው ሹም፣ የቀበሌው ሊቀመንበር፣ የመንደሩ አለቃ ሁሉም ከ1979 ወዲህ የተሾሙ የአንድ ፓርቲ ሰዎች ናቸው።

የተቃዋሚ ቢሮዎች በቦምብ ሲመቱና አባሎቻቸው ሲገደሉ የኡንታክ ፖሊስ ይመዘግባል፣ ማሰር አይችልም። በጃንዋሪ 1993 አካሺ ልዩ ዐቃቤ ሕግ የሚያቋቁም መመሪያ አወጣና ተጠርጣሪዎች መያዝ ተጀመረ። የፕኖም ፔን ፍርድ ቤቶች ግን ጉዳዩን አንመለከትም አሉ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ክስ የማይመሠረትባቸው እስረኞች ይዞ ቀረ። ማሰር፣ መክሰስና መፍረድ የአንድ ሰንሰለት ቀለበቶች ናቸው፤ መካከለኛው ሲጎድል ፊተኛውም አይሠራም። ይህን ዛሬም በሌላ አገር የሽግግር ተልዕኮ የሚነድፍ ሰው ቢያስብበት መልካም ነው።

ያም ሆኖ ምርጫው ተደረገ፣ ደግሞም በሚያስገርም ሁኔታ ተሳካ። እዚህ ላይ ፍርድ መስጠት ተገቢ ነው፤ የኡንታክ የምርጫ ክፍል በመራጭ ምዝገባው፣ በሬዲዮ ትምህርቱና በሎጂስቲክሱ ሥራውን በትክክል ሠርቷል። ከታይላንድ ድንበር ከ360 ሺህ በላይ ስደተኞች ተመልሰው በጊዜ ተመዝግበዋል። የኡንታክ ሬዲዮ ድምፅ ምሥጢር መሆኑን፣ አንዱን ፓርቲ እመርጣለሁ ብሎ ቃል የገባ ሰው ሌላውን ቢመርጥ ማንም እንደማያውቅበት ደጋግሞ ነገረ። ሕዝቡም አመነ። ፉንሲንፔክ 45 በመቶ ድምፅና ከ120 ወንበር 58 አገኘ። የሁን ሴን ፓርቲ በ38 በመቶ 51 አገኘ። ሥልጣን የያዘው ፓርቲ ተሸነፈ።

ከዚህ በኋላ ያሉት ሦስት ሳምንታት ለእኔ ከምርጫው ቀን ይበልጣሉ። ተሸናፊው ወገን አጭበርባሪ ምርጫ ነው ብሎ ውጤቱን አልቀበልም አለ። በጁን 1993 የሲሃኑክ ልጅ የሆነው ልዑል ቻክራፖንግና አንዳንድ የፓርቲው ባለሥልጣኖች በምሥራቅ ያሉ ክፍለ ሀገሮች ተገንጥለዋል ብለው አወጁ። ነገሩ በቀናት ውስጥ ከሸፈ፤ ሥራውን ግን ሠርቶ ነበር። ለአሸናፊው የተላከው መልእክት «ድምፁ ያንተ ነው፣ ጠመንጃው የእኛ ነው» የሚል ነው። ሲሃኑክ አስታረቁ። ሁለት ጠቅላይ ሚኒስትር ይኑር ተባለ፤ የፉንሲንፔኩ መሪ ልዑል ራናሪድ አንደኛ፣ ሁን ሴን ሁለተኛ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ይህን ተቀብሎ ሴፕቴምበር ላይ አዲሱ ሕገ መንግሥት እንደጸደቀ ጓዙን ጠቀለለ።

በሚኒስቴሮች ደረጃ ክፍፍሉ ፍትሐዊ ይመስላል። መከላከያና አገር ውስጥ ጉዳይ ሁለት ሁለት ሚኒስትር ተሾመላቸው። ወረድ ሲባል ግን ነገሩ ይለወጣል። ፉንሲንፔክ ከታች የሚያዝበት ሰው የለውም። የወረዳና የቀበሌ ሹማምንቱ ሁሉ የነበሩት ናቸው። አንደኛው ጠቅላይ ሚኒስትር ትእዛዝ ይጽፋል፣ ትእዛዙ ወደ ታች ሲወርድ ከሁለተኛው ጠቅላይ ሚኒስትር ሰው ዘንድ ይደርስና ይቆማል። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል፤ እዚያ ግን ጉልቻውም በቅጡ አልተለዋወጠም። የቀበሌ ምርጫ መጀመሪያ የተደረገው ፌብሩዋሪ 2002 ነው፣ ኡንታክ ከወጣ ከስምንት ዓመት በላይ ቆይቶ። ከ1,621 ቀበሌዎች 1,598ቱን የሁን ሴን ፓርቲ ወሰደ።

ቀበሌ ያልኩት እነሱ ኩም የሚሉትን ነው፤ መንደሩ ፉም ይባላል። ይህን ቃል የመረጥኩት የአማርኛ አንባቢ ወዲያው ስለሚገባው ነው። የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ የሚፈርመው፣ የቤተሰብ መዝገቡን የሚይዘው፣ ጎርፍ ሲመጣ የእርዳታ ሩዝ ማን ይቀበል ብሎ ስም የሚጽፈው ያ ቢሮ ነው። ምርጫ ሲደርስ አንድ የመንደር አለቃ ማስፈራራት እንኳን አያስፈልገውም። ቤት ለቤት ይዞራል፣ የፓርቲ አባልነት ቅጽ ያሳያል፣ የአውራ ጣት አሻራ ይቀበላል። በ1998ቱ ምርጫ ዋዜማ ይህ የአሻራ ዘመቻ በየገጠሩ ተካሂዷል። አሻራዋን የሰጠችው እናት አሻራዋ ከድምፅዋ ጋር እንደማይገናኝ ሕጉ ቢነግራትም፣ ነገ ልጅዋን ትምህርት ቤት ለማስመዝገብ የምትሄደው ወደዚሁ ሰውዬ ነው።

የድምፅ ቆጠራውም ቦታ በጸጥታ ተለወጠ። በ1993 ቆጠራው የተደረገው በክፍለ ሀገር ማዕከላት ነበር። በኋለኞቹ ምርጫዎች ግን ወደ ምርጫ ጣቢያው ወረደ። ለዚህ በቂ ምክንያት አለ፤ ሣጥኑ ሩቅ ሲጓዝ ኮሮጆ መገልበጥ ይቀላል፣ እዚያው ሲቆጠር ታዛቢ ያየዋል። ግን ሌላ ጣጣ ያመጣል። አንድ ጣቢያ የሚያስተናግደው ጥቂት መቶ መራጭ ነው። እዚያው ተቆጥሮ እዚያው ሲለጠፍ አለቃው መንደሩ እንዴት እንደመረጠ በቁጥር ያውቃል። የአንድ ሰው ድምፅ ምሥጢር ነው፣ የመንደሩ ግን አይደለም፤ መንገዱና ድልድዩ የሚመደበው ደግሞ ለመንደር ነው።

በጁላይ 1997 ሁለቱ ጠቅላይ ሚኒስትሮች በጠመንጃ ተለያዩ። በ5ኛውና በ6ኛው ቀን የሁን ሴን ጦር ዋና ከተማው ውስጥ የፉንሲንፔክን ጦር ደመሰሰ፤ ራናሪድ ቀድመው ከአገር ወጥተው ነበር። በቁጥጥር ሥር ከዋሉ በኋላ የተገደሉት የፉንሲንፔክ ሰዎች በደርዘኖች ይቆጠራሉ። ለጋሾች ተቆጡ፣ የተወሰነ እርዳታም ያዙ። ያስያዙት ቅድመ ሁኔታ ግን አንድ ነበር፤ በ1998 ምርጫ ይደረግ። ይህ ለሁን ሴን ትልቅ ትምህርት ነበር። የተጠየቀው ሥልጣን እንዲያካፍል አይደለም፣ ምርጫ እንዲያደርግ ነው። የመንግሥቱ በጀት ግማሽ ያህሉ ከውጭ በሚመጣበት ዘመን ምርጫ የደረሰኝ ያህል ነበር፤ ይቀርባል፣ ገንዘቡ ይለቀቃል።

በ1998 የተሠራውን አንድ ነገር ቀረብ ብለን እንየው፣ ምክንያቱም ጠመንጃ ሳይነሣ በሒሳብ ብቻ የተገኘ ድል ነው። ካምቦዲያ ወንበር የምታከፋፍለው በየክፍለ ሀገሩ በተመጣጣኝ ውክልና ነው። በ1993 የተሠራበት ቀመር ትላልቆቹን ቀሪዎች የሚያይ ነበር። አምስት ወንበር ያለው ክፍለ ሀገርና 100 ሺህ ድምፅ አለ እንበል፤ አንድ ወንበር 20 ሺህ ድምፅ ያስፈልገዋል። ሀ ፓርቲ 46 ሺህ፣ ለ 29 ሺህ፣ ሐ 15 ሺህ፣ መ 10 ሺህ አገኙ። ሀ በሙሉው ሁለት ያገኛል፣ 6 ሺህ ይተርፈዋል። ለ አንድ ያገኛል፣ 9 ሺህ ይተርፈዋል። የቀሩት ሁለት ወንበሮች ትልቅ ቀሪ ላላቸው፣ ለሐ እና ለመ ይሄዳሉ። ውጤቱ ሁለት፣ አንድ፣ አንድ፣ አንድ ነው። አሁን በዲሆንት ቀመር እንሥራው። የእያንዳንዱን ድምፅ ለአንድ፣ ለሁለት፣ ለሦስት እያካፈልን ከፍተኛዎቹን አምስት ቁጥሮች እንወስዳለን፤ የሀ 46 ሺህ፣ የለ 29 ሺህ፣ የሀ 23 ሺህ፣ የሀ 15,333፣ የሐ 15 ሺህ። ሀ ፓርቲ አንድ ተጨማሪ ድምፅ ሳያገኝ ሦስት ወንበር ወሰደ፣ መ ባዶ እጁን ወጣ።

ዲሆንት ብዙ አገር የሚሠራበት ቀመር ነው፤ በራሱ ነውር የለበትም። ነውሩ ምርጫው ሲቃረብ ያለ ግልጽ ክርክር መለወጡ ነው። በአዲሱ ቀመር የሁን ሴን ፓርቲ በ41 በመቶ ድምፅ ከ122 ወንበር 64 አገኘ። በድሮው ቢሆን 59 ይሆን ነበር፣ ይኸውም ከግማሽ በታች። ተቃዋሚዎች ነገሩን ያወቁት ዘግይተው ነው። የታዛቢዎች ዓይን ደግሞ ሣጥኑና ሰልፉ ላይ ነበር።

ግማሽ ማለፍ ግን አልበቃም። የ1993ቱ ሕገ መንግሥት መንግሥት ለመመሥረት የምክር ቤቱን ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቃል። ይህ አንቀጽ አሸናፊው ብቻውን እንዳይገዛ የተቀመጠ አጥር ነበር፤ በ2003 ምርጫ የሁን ሴን ፓርቲ ከ123 ወንበር 73 ይዞ አንድ ዓመት ሊሞላ ትንሽ እስኪቀር መንግሥት ሳይመሠረት ቆይቷል። በማርች 2006 ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ ከግማሽ በላይ በቂ ሆነ። ማሻሻያው ይደረግ ብለው የተከራከሩት ራሳቸው የዋናው ተቃዋሚ መሪ ሳም ሬንሲ ነበሩ፤ አንድ ቀን እናሸንፋለን፣ ያኔ አጥሩ እኛን ያግደናል ብለው አሰቡ። ስሌቱ ለመረዳት አያስቸግርም። ግን አጥሩ ሲነሣ የጥምር አጋር አያስፈልግም፤ ከዚያ ወዲህ ፉንሲንፔክ ተበታተነ።

እዚህ ላይ «ታዲያ ሁን ሴን በማጭበርበርና በኃይል ብቻ ነው የገዛው?» የሚል ይመጣል። እንዲያ ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። ቅቡልነት ነበረው፣ ከሕጋዊነት የተለየ ቅቡልነት። በሦስት ነገር ላይ የቆመ ነው። አንደኛው ጃንዋሪ 7 ነው፣ በ1979 ክሜር ሩዥ ከዋና ከተማው የተባረረበት ቀን። ከ1975 ጀምሮ አገሪቱ ከሕዝቧ ሩብ ገደማ ያጣች ናትና ከዚያ የተረፈ ሰው ላዳነው ወገን ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም። ሁለተኛው ሰላም ነው። ኡንታክ ያልተሻገረውን የፓይሊን ቀርከሃ ሁን ሴን ተሻገረው፤ በ1996 የፓይሊኑን መሪ ኢየንግ ሳሪን ከነጦሩ አስኮበለለ፤ ማዕረጋቸውንና ይዞታቸውን እየጠበቁ ሌሎቹም ተከተሉ፤ በ1998 መጨረሻ ከቀሩት መሪዎች ዋና ዋናዎቹ እጅ ሰጡ። ይህን «ሁሉም አሸናፊ» የሚል ስም ሰጥቶ በኋላ ሐውልት አቆመለት። ለፍትሕ ምን ዋጋ አስከፈለ የሚለው ሌላ ነገር ሆኖ ጦርነቱ ግን በእርግጥ አቆመ።

ሦስተኛው ገንዘብ ነው። ለሁለት አሥርት ዓመታት ኢኮኖሚው በአማካይ በዓመት ሰባት በመቶ አካባቢ አደገ። እድገቱ ወደ መንደር የሚወርደው በግብርና በበጀት መንገድ አልነበረም። ፓርቲው እያንዳንዱን ከፍተኛ ባለሥልጣን በአንድ አካባቢ ላይ ይመድበዋል፤ ባለሥልጣኑ የራሱን ገንዘብና ወዳጅ ነጋዴዎችን ይዞ ትምህርት ቤት፣ መንገድ፣ ፓጎዳ ያሠራል። ነጋዴው 100 ሺህ ዶላር ለአገር ልማት ሲያዋጣ ኦክኛ የሚል ማዕረግ ያገኛል፤ በ2017 መነሻው ወደ 500 ሺህ ከፍ ብሏል። ኦክኛው ደግሞ የጫካ፣ የመሬት፣ የአሸዋ ፈቃዱን ያገኛል። ለገበሬው የሚደርሰው ሽርጥ፣ ሩዝና የወጥ ማጣፈጫ ዱቄት ነው፣ ትምህርት ቤቱም ላይ የሁን ሴን ስም ተጽፏል። ዜጋው ግብር ከፍሎ ያገኘው አገልግሎት ሳይሆን የተቀበለው ስጦታ ነውና ውለታ አለበት። ውለታ ያለበት ሰው ሒሳብ አይጠይቅም።

ሦስቱም ምሰሶዎች ግን ያረጃሉ። በ2013 ከሕዝቡ ከግማሽ በላይ ዕድሜው ከሠላሳ በታች ነበር። ጃንዋሪ 7ን አያስታውስም፤ የሚያውቀው የስፌት ፋብሪካውን 80 ዶላር የወር ደመወዝና በስልኩ ላይ የሚያየውን የባለሥልጣን ልጅ መኪና ነው። ሁለቱ ተቃዋሚዎች፣ ሳም ሬንሲና ከም ሶካ፣ አንድ ፓርቲ ሆነው ቀረቡ። ጁላይ 28 ቀን 2013 ገዥው ፓርቲ 68፣ ተቃዋሚው 55 ወንበር አገኘ፤ በዲሆንት የሚበታተን ትንሽ ፓርቲ አልቀረም፣ ቀመሩ የተመካበት ክፍፍል ጠፋ። ለወራት ሰልፍ ሆነ። ጃንዋሪ 3 ቀን 2014 ፕኖም ፔን፣ ቬንግ ስሬንግ በተባለው መንገድ የጸጥታ ኃይሎች ደመወዝ በጠየቁ የስፌት ሠራተኞች ላይ ተኩሰው ቢያንስ አራት ሰው ገደሉ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ልብ በሉ፤ መንግሥት ዝቅተኛውን ደመወዝ በየዓመቱ ከፍ እያደረገ በ2018 170 ዶላር አደረሰው። ተኮሰ፣ ሰማም። ሁለቱን አንድ ላይ የማያይ ሰው ይህን አገዛዝ አይረዳውም።

በጁን 2017 የቀበሌ ምርጫ ተቃዋሚው 489 ቀበሌ አሸነፈ። ቁጥሩ ከአንድ ሦስተኛ ያንሳል፤ የተነካው ግን ከ1979 ጀምሮ እምብዛም ያልተነካው ቦታ ነው፣ ያ የመዝገብና የፊርማ ቢሮ። እኔ የምከራከረው ፓርቲውን ያስፈረሰው ይህ ቁጥር ነው ብዬ ነው። አፈራረሱ እርምጃ በእርምጃ ሕጋዊ ነበር። መጀመሪያ የፓርቲዎች ሕግ በዚያ ዓመት ሁለት ጊዜ ተሻሽሎ ፍርድ ቤት ፓርቲ ማፍረስ እንዲችል ተደረገ። በኦገስት የራዲዮ ጣቢያዎች ተዘጉ፣ አንድ የአሜሪካ የዴሞክራሲ ተቋም ተባረረ። ካምቦዲያ ዴይሊ የተባለው ጋዜጣ 6.3 ሚሊዮን ዶላር የግብር ዕዳ ተጣለበትና በሴፕቴምበር መጀመሪያ ታተመ የመጨረሻ እትሙ፤ በዚያው እትም ፊት ገጽ ላይ የከም ሶካ መያዝ ነበር። የክሱ ማስረጃ እሳቸው በ2013 አውስትራሊያ ውስጥ ከአሜሪካ ምክር እንደሚያገኙ የተናገሩበት ቪዲዮ ነው። በ1993 የውጭ ሰው ዴሞክራሲን ሊያስተምር ገባ፤ በ2017 ከውጭ ሰው መማር የአገር ክህደት ሆነ። ኖቬምበር 16 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፓርቲውን አፈረሰ፣ 118 መሪዎቹን ለአምስት ዓመት ከፖለቲካ አገደ። የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት የገዥው ፓርቲ ቋሚ ኮሚቴ አባል ነበሩ። የምክር ቤቱ 55 ወንበሮች በአብዛኛው ለትናንሽ ፓርቲዎች ታደሉ፣ 41ዱ ለፉንሲንፔክ። ቀበሌዎቹ ግን በአብዛኛው ወደ ገዥው ፓርቲ ተመለሱ። ምክር ቤቱን ለሌላ መስጠት ይቻላል፣ ቀበሌውን አይቻልም።

በ2018 ገዥው ፓርቲ ከ125 ወንበር 125ቱንም ወሰደ። የወጣው መራጭ 83 በመቶ ነው ተባለ። ከ590 ሺህ በላይ ወረቀት ግን ዋጋ አልባ ሆኖ ተገኘ፤ ሁለተኛ ከወጣው ፓርቲ ድምፅ ይበልጣል። ጣታቸውን ያጠቆሩት እነዚህ ሰዎች ከመጋረጃው ጀርባ የቀራቸውን አንድ ነገር አደረጉ። የአውሮፓ ኅብረት ከብዙ ማስጠንቀቂያ በኋላ በኦገስት 2020 ከቀረጥ ነፃ መብቱን በከፊል፣ ከካምቦዲያ ወደ ኅብረቱ ከሚላከው ሸቀጥ አንድ አምስተኛ ገደማ ላይ አነሣ። ያን ጊዜ የቻይና ገንዘብ ስለነበር ቅጣቱ አቅጣጫ አላስቀየረም።

አንድ ንጽጽር ብቻ ላንሣ። አፍጋኒስታን ውስጥ በ2019 ከተመዘገበው 9.6 ሚሊዮን ያህል ሰው የተቆጠረው ድምፅ 1.8 ሚሊዮን ገደማ ነበር። አሽራፍ ጋኒ በ923,592 ድምፅ አሸነፉ ተባለ፤ ማርች 9 ቀን 2020 ካቡል ውስጥ ሁለት ሰዎች በአንድ ቀን ፕሬዚዳንት ሆነው ማሉ። የውጭው ጦር ሲወጣ መንግሥቱ አብሮ ወደቀ፣ ኦገስት 15 ቀን 2021። የፕኖም ፔኑ የውጭው ሰው ሲወጣ ተጠናከረ። ሁለቱም ቦታ ምርጫው ከውጭ መጥቷል። ልዩነቱ ሁን ሴን ከምርጫው በፊት በየመንደሩ የራሱ ሰው ነበረው፤ ጋኒ አልነበራቸውም፣ ታሊባን ግን ነበረው። ካቡል ላይ የታየው የምዕራባውያን ገንዘብ ከመንደር ጋር ሳይገናኝ መቆየቱ ሲሆን፣ ፕኖም ፔን ላይ የታየው መንደሩን የያዘው ወገን የምዕራባውያንን ምርጫ ለራሱ ማዋሉ ነው። የሁለቱም ነዳፊዎች የጊዜ ሰሌዳቸው የሚያልቀው በብሔራዊ ምርጫ ቀን ነበር። ኡንታክ አንድ ዓመት ተኩል ቆይቶ ከምርጫው በኋላ አራት ወር ሳይሞላው ወጣ። ድምፅ የተሰጠው ሰው ሥልጣኑን የሚረከብበት ጊዜ ግን ያኔ ነበር የጀመረው፤ ታዛቢ፣ ፖሊስና በጀት የሚያስፈልገውም ያኔ ነበር።

በ2022 የቀበሌ ምርጫ ሻማ ብርሃን የተባለ ፓርቲ ከፈረሰው ፓርቲ ፍርስራሽ ተነሥቶ ከአምስተኛ በላይ ድምፅ አገኘ። በሜይ 2023 የምርጫ ኮሚቴው ለብሔራዊው ምርጫ አልመዘግበውም አለ። ምክንያቱ የመመዝገቢያ የምስክር ወረቀቱን ዋናውን አላቀረበም፣ ያቀረበው ቅጂ ነው የሚል ነው። በቅጂው ቀበሌ ላይ ተወዳድሮ ነበር። ፓርቲው ዋናው ወረቀት በ2017 የተቃዋሚው ጽሕፈት ቤት ሲበረበር የጠፋ መሆኑን አስረዳ፤ የሕገ መንግሥት ምክር ቤቱ ውሳኔውን አጸና። በጁን የምርጫ ሕጉ ተሻሽሎ ድምፅ ያልሰጠ ሰው ወደፊት ለዕጩነት እንዳይቀርብ ተደረገ። በጁላይ 23 ገዥው ፓርቲ 120 ወንበር አገኘ፣ አምስት ለፉንሲንፔክ ተረፉ። ኦገስት 22 የሁን ሴን ትልቁ ልጅ፣ በአሜሪካው የዌስት ፖይንት ወታደራዊ አካዳሚ የተማረው ሁን ማኔት፣ በምክር ቤቱ ድምፅ፣ በሕገ መንግሥቱ ሥርዓት፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። አባቱ በሚቀጥለው ዓመት የሴኔቱን ሰብሳቢነት ያዘ። የወረቀቱ ሥራ ሁሉ ተሟልቷል።